ኳሱን ለእሱም አቀብሉት

 

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። አእምሮዋ ላይ ችግር የነበረባት ሴት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ጉዳይ እንዳላት ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደማንኛዋም የተከበረች ሴት የእከሌ እናት ብለው ጠሯት። የምትፈልገውን መንገድ እንድትመርጥና እዚያ ጉዳይዋን እንደሚፈጽሙላት ነገሯት። ጉዳይዋ እስኪያልቅም አብረዋት ቆዩ።

አስተውሉ! የኡማው ጉዳይ ሁሉ ትከሻቸው ላይ ነበር። ግን «ቤተሰቦቿን ጥሩልኝ» አላሉም። ቦታውን እሷ መረጠች፤ እሳቸው ጊዜያቸውን ሰጧት።

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችሁ ሜዳ እንምጣ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የት ነው ያለው? ብዙ ጊዜ ከመስመር ውጪ ነው። ቦርሳ ይጠብቃል፣ የወጣ ኳስ ያመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ደግ ለመሆን ብለን እናስገባዋለን፤ በረኛው ሆን ብሎ ይለቅለታል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እኔ ይህንንም አልወደውም። የውሸት ጎል መሆኑ እኮ ለእሱም አይጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቺካጎ ላይ የተጀመረው ስፔሻል ኦሎምፒክስ «ዩኒፋይድ ስፖርት» የሚባል አሠራር አለው። በአምስት ለአምስት እግር ኳስ ሦስቱ ተጫዋቾች ውስንነቱ ያለባቸው፣ ሁለቱ የሌለባቸው ናቸው። ሁለቱ «አጋር» ይባላሉ። ደንቡ አጋሩ ጨዋታውን ለብቻው እንዲቆጣጠር አይፈቅድም። ስለዚህ ሁሉንም በአብዶ አልፎ ጎል የሚያገባ ልጅ እዚያ ጎበዝ አይባልም! እ.ኤ.አ. በ2019 አቡዳቢ የዓለም ውድድሩን በመካከለኛው ምሥራቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስተናግድ ከ7,000 በላይ ስፖርተኞች ተሳትፈዋል።

እናንተ ግን አቡዳቢን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ኳስና ፈቃደኛ የስፖርት አስተማሪ ይበቃል። እህቶችም በራሳችሁ ክፍለ ጊዜ እንዲሁ። ሕጉን በአንዴ አታውርዱበት፤ አንዱን በአጭር ቃል ንገሩት፣ በእግራችሁ አሳዩት፣ ድገሙለት። ቤተሰቡን ስለ ጤናው ጠይቁ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች የአንገታቸው መገጣጠሚያ ልል ስለሚሆን በቴስታ ከመጫወታቸው በፊት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ደግሞ ምላሳችሁን። ኳስ የሳተ ጓደኛችሁን «ጅል» እያላችሁ ስትስቁ ያ ልጅ መስመሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) የሚሳለቁበት ሰው ከተሳላቂው የተሻለ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቆናል።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሂዱና በስሙ ጥሩት። በረኛ ወይስ አጥቂ መሆን እንደሚፈልግ እሱን ጠይቁት። መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ ጠብቁት።