ምዕራፍ 7፦ መልሱ ሳይመጣ

የሐኪም ውጤት፣ የኤምባሲ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ከሥራ ቀጣሪ የሚመጣ ስልክ። ክፉ ዜና ቢመጣ እንኳ አልቅሶ መነሣት ይቻላል፤ ያልታወቀ ነገር ግን ሌሊቱን ያረዝመዋል። በዚህ ጊዜ «እግዚአብሔርን ታመኑ፣ ተረጋጉ» የሚል ሰው አይጠፋም። ምክሩ እውነት ነው። እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ ሰው ሲጠፋ ግን የተጨነቀው በጭንቀቱ ላይ ጥፋተኝነት ይደርብበታል፤ «እምነቴ ቢበረታ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር» እያለ ራሱን ይከሳል። ይህን ሸክም የሚያወርድልን አንድ ሰው አለ፤ ነቢዩ ኤርምያስ።

የመጽሐፉን 32ኛ ምዕራፍ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ588 ገደማ፣ ሴዴቅያስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባለች። ኤርምያስም ከተማይቱ መያዟ እንደማይቀር በመናገሩ በግዞት ቤት ታስሯል። በዚህ መሐል የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ይጠይቀዋል። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቅ የነቢዩ የትውልድ መንደር ናት። ገዢው እስረኛ ነው፤ መሬቱም ከተከበበው ቅጥር ውጭ ነው።

አናምኤል እንደሚመጣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ነግሮታል። ኤርምያስ ግን ቃሉ የእግዚአብሔር መሆኑን ያወቅሁት ሰውዬው መጥቶ ሲጠይቀኝ ነው ይላል። ነቢይ እንኳ እርግጠኝነት የመጣለት ቀስ በቀስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ተመልከቱ። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ። በውሉ ላይ ፈረመ፣ አተመ፣ ምስክሮች አቆመ። የታተመውንም ያልታተመውንም ቅጂ ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጥቶ፣ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘው። በሰላም ዘመን መሬት የሚገዛ ሰው የሚያደርገውን አንድም ሳያጎድል ፈጸመ። የጸለየው ይህን ሁሉ ጨርሶ ነው። በጸሎቱም ፈጣሪን ካመሰገነ በኋላ ግራ መጋባቱን አልደበቀም፤ ከተማይቱ ለጠላት ተሰጥታ ሳለ እርሻ ግዛ የተባለበት ነገር አልገባውም።

እኔን የሚያጽናናኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ጥያቄው እያለ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ልባችን እስኪረጋ እንጠብቃለን፤ እስከዚያ ሕይወትን እናቆማለን። ቪዛው ዛሬ ነገ ይመጣል እያልን ልጅ ሳናስመዘግብ፣ የሚያፈሰውን ጣራ ሳናስጠግን፣ የጀመርነውን ትምህርት ሳንጨርስ ዓመታት ያልፋሉ። መሄዳችሁ ቢቀር ወይም ቢዘገይ ያ ልጅ አንድ ክፍል ወደኋላ ቀርቷል። ስለዚህ አስመዝግቡት። መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ዋጡ፣ የዕቁባችሁን ጣሉ፤ ከዚያም ያልገባችሁን ሁሉ ሳታሳምሩ ለእግዚአብሔር ንገሩት።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ሱባኤ የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐሳቡ እየባከነበትም ቢሆን ኪዳኑ፣ ቅዳሴው፣ ስግደቱ በየሰዓቱ ይመጣል። ሥርዓቱ የዛለውን ሰው ደግፎ ያቆየዋል። እቤት ሆናችሁም ጠዋትና ማታ ስልክ የማይነካበት አጭር የጸሎት ሰዓት ብትወስኑ፣ ጸሎቱ ደረቅ በሆነበት ቀን እንኳ አትተዉት።

አንድ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። በዚያው ከበባ ወቅት ኤርምያስን ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ጥለውት ነበር። ያወጣው በንጉሡ ቤት የሚያገለግል ኢትዮጵያዊ፣ አቤሜሌክ ነው። ንጉሡን ደፍሮ ለመነ፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠውም አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለት። የሚጠብቅ ወዳጅ ካላችሁ ምክሩን ቀንሱና ጨርቁን አምጡ፤ አብራችሁት ሆስፒታል ሂዱ፣ ልጆቹን አንድ ቀን ያዙለት። እናንተም ስትጠብቁ ጨርቁ ሲወርድላችሁ አትግደርደሩ።

ኢየሩሳሌም ከወደቀች በኋላ የተረፉት ሰዎች በፍርሃት ተጨንቀው ወደ ግብፅ ይሂዱ ወይስ ይቅሩ እንደሆነ እግዚአብሔርን እንዲጠይቅላቸው ኤርምያስን ለመኑት። ታሪኩ በ42ኛው ምዕራፍ ነው። መልሱ የመጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው፣ ነቢዩ ከራሱ አንድ ቃል አልፈጠረም። መልሱ ሲመጣ ደግሞ አልተቀበሉትም፤ እርሱንም ይዘውት ግብፅ ወረዱ። ኤርምያስ ያን የገዛውን እርሻ ሲያርስ የሚያሳይ ቦታ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

እኛም በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ «ጉዳያችሁ ከምን ደረሰ?» እንባላለን። ሰው ለማስደሰት ተስፋ አትፍጠሩ፣ ለማሳዘንም ክፉውን አታስቀድሙ። «ገና ነው፤ እየጠበቅን ነው» በሉና ወደ ጨዋታው ተመለሱ።