ክትክታውን ልንቀለው?

ጥያቄ፦ መሬቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ግማሹን ክትክታ ወሮታል። ጎረቤቶቼ «ነቅለህ ባሕር ዛፍ ትከልበት» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እባክዎ አይንቀሉት! ክትክታ አገር በቀል ነው፤ በበጋም ቅጠሉ አይረግፍም። የሚበቅለው ሌላው ተክል እምቢ ባለበት፣ በተራቆተና ድንጋያማ መሬት ላይ ስለሆነ፣ «ወሮታል» ያሉት ቦታ አፈሩ ታጥቦ የሳሳበት ሳይሆን አይቀርም። ሥሩ የቀረውን አፈር ይይዛል፤ በጥላውም ሌሎች የአገር ዛፎች ቀስ በቀስ ይነሣሉ። ከዳገቱ ላይ ሆነው የአባያን ሐይቅ ይመልከቱ። ውሃውን ያቀላው ከየተራራው ታጥቦ የወረደ አፈር ነው።

እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ፍሙ ቶሎ አይከስምም። ለማገር፣ ለአጥር፣ ለዶማ እጀታ ይሆናል። ቅጠሉ ስለሚያጣብቅና ስለሚመር ከብት ብዙም አይደፍረውም፤ ለዚህ ነው ለሕያው አጥር የምመርጠው። ቅጠሉን ለቁስል የሚያደርጉ አሉ፤ መጠጣቱን ግን አልመክርም።

ማብዛት ከፈለጉ፣ ወረቀት የሚመስሉት ባለ ክንፍ ፍሬዎች ቀልተው ሲደርቁ ይልቀሙ፤ በመዳፍዎ አሽተው ገለባውን እፍ ይበሉት። የሚቀረው ትንሽ ጥቁር ዘር ልባሱ ውሃ አያስገባም። ስለዚህ የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና እስኪቀዘቅዝ ይተዉት፤ ከዚያ በበልግ መግቢያ ይዝሩት።

ማገዶ ሲያስፈልግዎ ቅርንጫፉን በተራ ይከርክሙ እንጂ ሥሩን አይንኩ። ለባሕር ዛፉ ሜዳማ ጥግ ይፈልጉለት፤ ዳገቱን ለክትክታው ይተዉለት።