የሕንፃ ሥዕል እንዴት ይነበባል? ለሻጭ፣ ለገዢና ለደላላ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲ.ኤም.ሲ. እና አያት ባሉት መንገዶች ዳር ገና መሠረታቸው ያልወጣ ሕንፃዎች በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተሠርተው አልቀው ይታያሉ። ብዙው ገዢ ውል የሚፈርመውና ቅድሚያ ክፍያ የሚከፍለው ቤቱን አይቶ ሳይሆን ሥዕሉን አይቶ ነው። ስለዚህ በዚህ ንግድ ሥዕል የዕቃው ናሙና ነው። የቡና ነጋዴ እንደሚያውቀው ናሙናው ከጭነቱ ካልተወሰደ ቅምሻው ዋጋ የለውም። የሕንፃ ሥዕልም ከጸደቀው ፕላን ካልመጣ ቢያምርም አያስተማምንም።

ሥዕሉ ከየት ይመጣል?

አርክቴክቱና መሐንዲሱ የሚያዘጋጁት ሰነድ በመስመርና በቁጥር የተሞላ ነው። ፕላን የክፍሎቹን አቀማመጥ ከላይ ያሳያል። ሴክሽን ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ የየወለሉን ከፍታ ያሳያል። ኤሌቬሽን ደግሞ የውጭ ገጽታውን ያሳያል። ይህ ሁሉ ለባለሙያ ግልጽ ቢሆንም ለተራ ገዢ ስለማይናገር በኮምፒውተር ወደ ስሪ ዲ ሥዕል ይለወጣል።

ለዚህም ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሥዕሉን ከዚያው ከዲዛይኑ ፋይል ማውጣት ነው፤ በዚህ መንገድ የግድግዳው ርዝመት በፕላኑም በሥዕሉም አንድ ይሆናል። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሠሪው ፕላኑን በዓይኑ እያየ በግምት እንዲስል ማድረግ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቢረክስም ፕላኑ በተሻሻለ ቁጥር ሥዕሉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል። በመሆኑም ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ሥዕል ከየትኛው ፕላን ወጣ? ፕላኑስ መቼ ጸደቀ?» የሚል ነው።

አምስት መመርመሪያዎች

1. መለኪያ፦ በ1፡100 በተሠራ ፕላን ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር ማለት ነው። ነገር ግን በኤ3 ወረቀት የተሠራው ፕላን በፎቶ ኮፒ ወደ ኤ4 ሲያንስ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። 4.20 ሜትር የነበረው ግድግዳ በማስመሪያ ሲለካ 3 ሜትር ያህል ይመስላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «1፡100» ተብሎ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በሜትር የተከፋፈለ መለኪያ መስመር ከፕላኑ ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚያድግ ምንጊዜም አይዋሽም። ልኬቱ በቁጥር ቢጻፍ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

2. የቤት ዕቃ፦ ክፍል ሰፊ እንዲመስል አልጋና ሶፋ አሳንሶ መሳል ቀላል ነው። ባለ 1.50 ሜትር አልጋ በፕላኑ ላይ ከመኝታ ቤቱ በር አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ በልጦ ከታየ፣ በሩ 1 ሜትር ካልሆነ በስተቀር አንዱ ልክ አይደለም። የውስጥ ሥዕሉም በሰፊ ሌንስ ዓይነት እይታ ከተሠራ የክፍሉ ጫፍ ይርቃል፤ ስለዚህ ስፋት ከሥዕል ሳይሆን ከቁጥር ይወሰድ።

3. ካሬ ሜትር፦ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤቱንና የጋራ መገልገያውን ለይቶ ደንግጓል። ማስታወቂያው ግን ሁለቱን ደምሮ ሊያቀርብ ይችላል። ለምሳሌ 120 ካሬ ሜትር በተባለ ቤት ውስጥ የደረጃ፣ የሊፍትና የመተላለፊያ ድርሻ 24 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ገዢው ቁልፍ የሚዘጋበት 96 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ካሬው በ100,000 ብር ቢሸጥ ጠቅላላው 12 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ ለ96ቱ ሲካፈል በካሬ 125,000 ብር ይመጣል። ሁለት ቤቶች የሚወዳደሩት በዚህ በተጣራው ሒሳብ ነው።

4. አቅጣጫ፦ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀትር ላይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከሰዓት በኋላ የሚሞቀው በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ነው። የሰሜን ምልክት የሌለው ፕላን ይህን አይነግርም። በአራቱም ጎን በአንድ ጊዜ ፀሐይ የሚያበራበት ሥዕል ደግሞ የሰዓሊው ፀሐይ ነው።

5. ከፍታና ጎረቤት፦ ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር መሆኑ አይዘነጋ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ መሠረት በትልቅ ማረፊያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ከማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር ላይ የተዘረጋ ወሰን አለ። አንዱ ወለል 3 ሜትር ቢሆን ይህ 15 ወለል ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን መነሻና መውረጃ መስመር በኩል ደግሞ ወሰኑ ዝቅ ይላል። ረጅም ሕንፃ በሥዕል የሚሸጥ ሰው የከፍታ ፈቃዱን ቢያሳይ ለራሱ ይጠቅመዋል። በተጨማሪም በሥዕሉ ላይ መናፈሻ የሆነው ቦታ በእውነት የሌላ ሰው ይዞታ እንዳይሆን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ሻጩ ምን ያተርፋል?

ቁጥር የያዘ ሥዕል ገዢን ያርቃል ብለው የሚሰጉ ሻጮች አይጠፉም። ሆኖም ገዢው ልኬቱን ዞሮ ዞሮ ማወቁ አይቀርም። ልዩነቱ ከመፈረሙ በፊት ወይስ ቁልፍ ሲረከብ ያውቃል የሚለው ነው። ጥሩ አቀራረብ ለአንድ ቤት አንድ ገጽ ይመድባል። በገጹም ላይ ልኬት የተጻፈበት ፕላን፣ በትክክለኛ መጠን የተሳለ የቤት ዕቃ፣ ተለይቶ የተጻፈ የግልና የጋራ ካሬ ሜትር፣ የሰሜን ምልክትና ፕላኑ የጸደቀበት ቀን ይቀመጣሉ። ከሥሩ መሠረት፣ ስትራክቸር፣ ግድግዳና ማጠናቀቂያ በየወራቸው በአግድም መስመር ይሰመሩና የክፍያው ቀን ከየደረጃው ትይዩ ይጻፋል። ይህን ገጽ የያዘ ደላላም ከአፉ ቃል ይልቅ ወረቀቱን ያናግራል።

ከሁሉም በላይ ገጹ የውሉ አካል ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። በብሮሸር ላይ «ሥዕሉ ለማሳያ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ገዢው በዓይኑ የወደደውን ነገር በውሉ ውስጥ በልኬት ይፈልገው። ፕላኑ ገጽ በገጽ ተፈርሞ ከውሉ ጋር ከተያያዘ ክርክር ቢነሳ የሚመሰክር ሰነድ አለ። ሰሌዳው ላይ የነበረው ሥዕል ግን ዝናብና ፀሐይ ሲያጠፋው አብሮ ይጠፋል።