ማኅተሙ የሚናገረውና የማይናገረው፦ የጥንት ስቶንዌር ጠርሙሶች እንደ ታሪክ ማስረጃ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በሰብሳቢዎች እጅ የሚገኙ የጥንት ስቶንዌር ጠርሙሶች ለታሪክ ጥናት ያላቸውን ጥቅምና የጥቅማቸውን ወሰን በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። ስቶንዌር 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ሙቀት የተተኮሰ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረና ውሃ የማያሰርግ ሸክላ ነው። በጀርመን የራይን አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች እቶኑ በጋለ ጊዜ ጨው ይጨምሩበት ነበር፤ የጨው ሶዲየም ከጭቃው ሲሊካ ጋር ተዋሕዶ ዕቃውን መስተዋት መሰል ስስ ልባጥ ያለብሰዋል።

ለምሳሌነት የተመረጠው የዜልተርስ ጠርሙስ ነው። በዛሬው የሄሰን ግዛት ከምትገኘው ከኒደርዜልተርስ መንደር የሚመነጨው ማዕድን ውሃ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስቶንዌር ጠርሙስ እየታሸገ ወደ ሩቅ አገሮች ይላክ ነበር። በጠርሙሱ ላይ የምንጩ ስምና የገዢው ምልክት ይታተማል። ገዢው ሲለወጥ ማኅተሙም ይለወጣል፤ በመጀመሪያ የትሪር መራጭ ልዑላን መስቀል፣ ቀጥሎ የናሳው መስፍናዊ ግዛት ምልክት፣ ፕሩሲያ በ1866 እ.ኤ.አ. ናሳውን ከጠቀለለች በኋላ ደግሞ ንስር ይታያል። በመሆኑም የተገኘበት ቦታ ያልታወቀ ጠርሙስ እንኳ የተሠራበት ዘመን በማኅተሙ ሊገመት ይችላል።

ይሁን እንጂ ማኅተም ስለ ጠርሙሱ አሠራር እንጂ ስለ አገልግሎቱ በቂ ምስክር አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በፖላንድ የግዳንስክ ባሕረ ሰላጤ ከሰመጠ መርከብ ውስጥ ቡሹ ያልተነቀለ የዜልተርስ ጠርሙስ ወጣ። ማኅተሙን ብቻ ያነበበ ተመራማሪ ማዕድን ውሃ ነው ብሎ በደመደመ ነበር። የላቦራቶሪ ምርመራው ግን 14 በመቶ ያህል አልኮል እንዳለበት አረጋገጠ። ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ በኋላ መጠጥ ተሞልቶበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም መጠጥ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎበት ይሆናል። ይህን ጥያቄ ለማንሳት የተቻለው ግን ጠርሙሱ እንደ ታሸገ፣ ከነይዘቱና ከነቦታው በባለሙያዎች እጅ ስለ ገባ ነው።

በአንጻሩ ከአሮጌ የቆሻሻ መጣያ ተቆፍሮ፣ ውስጡ ታጥቦና ተወልውሎ ለገበያ የሚቀርብ ጠርሙስ ከማኅተሙ በቀር የሚናገረው ጥቂት ነው። በንጽሕናው ዋጋው ቢጨምርም በዚያው መጠን ምስክርነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰብሳቢ ከመቆፈሩ በፊት ሕጋዊ ፈቃድ ሊያገኝ፣ የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት ሊመዘግብ፣ አብረውት የተገኙትን ስብርባሪዎች ሊያቆይ፣ የውስጡን ቅሪትም ሳያጥብ ለምርመራ ሊጠብቅ ይገባል። ተመራማሪም በበኩሉ የስብስብ ዕቃን በማስረጃነት ሲጠቅስ ከማኅተሙ የተነበበውን ከቦታውና ከይዘቱ ከተረጋገጠው ለይቶ ማቅረብ ይኖርበታል።