እጅሽን አፈር አስነኪው

ስሚኝማ እህት ዓለም፤ ያንን ስልክ አስቀምጪው። ከሥራ ገብተሽ አልጋ ላይ ተጋድመሽ «ደበረኝ» ማለት ካዘወተርሽ ከረምሽ። ምክሬ አጭር ነው፦ በረንዳሽ ላይ አፈር አስገቢና በእጅሽ ኮትኩቺ።

«አፈር ደግሞ ምን ሊፈይድልኝ?» ማለትሽ አይቀርም። ሳላጋንን ልንገርሽ። አፈር ውስጥ ማይኮባክቴሪየም ቫኬ የሚባል ባክቴሪያ አለ። የለንደን ሐኪሞች ይህንን ባክቴሪያ ገድለው ለሳንባ ካንሰር ታማሚዎች በመርፌ ሰጧቸው። ዕድሜ አልጨመረላቸውም፤ የቀን ውሏቸውን ግን እንዳሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2004 ጻፉ። በ2007 ደግሞ ክሪስቶፈር ላውሪና የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ አይጦችን ወግተው፣ ከስሜት ጋር የተያያዘውን ሴሮቶኒን የሚያመነጩ የአንጎል ሴሎች ሲነቃቁ አዩ። ይሁን እንጂ በመርፌ የተወጋ አይጥና ጎመን የምትኮተኩት ሴት አንድ አይደሉም።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ የሆላንዶቹ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ነው። 30 አትክልተኞችን መጀመሪያ በከባድ ሥራ አስጨነቋቸው። ከዚያ ገሚሱን ለግማሽ ሰዓት አትክልት አስኮተኮቱ፤ ገሚሱን ቤት ውስጥ አስነበቡ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ወረደ፤ በኮትኳቾቹ ግን የበለጠ። የእነሱ ስሜት ወደ ቦታው ሲመለስ፣ የአንባቢዎቹ ጭራሽ ባሰበት።

«ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው» አትበይኝ። ለሁለት የተቆረጠ ጄሪካን ይበቃሻል። ከሥሩ ቀዳዳ አውጪለት፤ አፈሩን ከፍግና ከትንሽ አሸዋ ጋር ደባልቂ። ጓሉን በጣትሽ እያደቀቅሽ አሺው፤ እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ውሃ ስታርከፈክፊበት ያ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ ያውድሻል፤ የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን ነው። ጎመንና ጤና አዳም ትከዪ። ጎመኑ ቶሎ ስለሚደርስ አያሰለችሽም፤ ጤና አዳሙን ለቡናሽ ትቀነጥቢዋለሽ።

ጥንቃቄም አለው። እጅሽ ከተቆረጠ ጓንት አድርጊ፤ የቴታነስ ክትባትሽን አትርሺ፤ ስትጨርሺ በሳሙና ታጠቢ። እማዬ ጓሮ ስትገቢም ጫማ አድርጊ፤ በወላይታም በጎጃምም የስንቱን እግር ያሳበጠው ለዓመታት ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ መሄድ ነው።

ድብርቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳሽ ግን ኩትኳቶ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ነውር የለበትም። ለአሁኑ ጄሪካኑንና ፍጉን ቅዳሜ ጠዋት ይዤልሽ እመጣለሁ። አንቺ ያንን ረጅም ጥፍርሽን ብቻ ቆርጠሽ ጠብቂኝ።