የሚጥል በሽታ ያለባቸው ተማሪዎች ድጋፍ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፦ ከመማሪያ ክፍል እስከ ኪራይ ቤት

ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው በክፍል ውስጥ በሚደርስ መንቀጥቀጥ ላይ ያተኩራል፦ ተማሪውን በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ ክብሪት አለማሽተት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ይህን ለመምህራን ማስተማር አይከብድም።

ከባዱ ከደወል በኋላ ያለው ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ መሐል ሜዳ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመጣ፣ ራሱ ያበስላል። በመንዝ ብርድ ከእሳት መራቅ አይታሰብም፤ ብቻውን ሳለ የሚወድቅ ልጅ ለቃጠሎ ይጋለጣል። በሽታው በለሃጭ ይተላለፋል የሚለው ስጋት ደግሞ አብሮ ተከራይ ሊያሳጣው ይችላል።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የቡታጅራ አካባቢ ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች 5.2ቱ በሽታው ነበረባቸው፤ ከ316ቱ ሕሙማን በዘመናዊ መድኃኒት የታከሙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕክምና ተጀምሮም ቢሆን፣ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ጥቃቱ ይበረታል፤ የፈተና ሰሞን እንቅልፍ ማጣትም ይቀሰቅሰዋል።

ስለዚህ የክፍል ኃላፊው መምህር፣ በተማሪው ፈቃድ፣ የመጀመሪያ እርዳታውን ለአብሮ አደሩ ሊያሳይ፣ ትምህርት ቤቱም መድኃኒት የሚመጣበትን ቀን እንደ ቀሪ ሊቆጥረው አይገባም።