ከሕመሙ ቀድሞ የሚደርስ ሰደቃ

 

በሠፈራችን አንድ የቀን ሠራተኛ ወንድም ነበረን። ሆዱን ሲያመው አራት ቀን ቤቱ ተኛ። ሐኪም ቤት ያልሄደው ሕመሙን ንቆ አይደለም፤ የካርዱን፣ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ዋጋ እያሰላ ነው። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ተሸክመው ሲያደርሱት ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ቀኑ ጁሙዓ ነበርና ከሶላት በኋላ ማይክ ይዤ የለመንኩት እኔ ነኝ። ጀማዓው አላሳፈረኝም፤ ከሚበቃው በላይ ተሰበሰበ። እሱ ግን በማግሥቱ ወደ አኼራ ሄደ። ለሕክምናው ያሰባሰብነው ለየቲሞቹ ሆነ።

አጀል በአላህ እጅ ነው፤ በዚህ ጥርጥር የለንም። እኛ የምንጠየቀው ግን በእጃችን ስለነበረው ነው። ገንዘቡ ቀድሞም በኪሳችን ነበር። ያልነበረን እሱ ሳይለምን የሚደርስበት መንገድ ነው።

ይህ መንገድ በዲናችን አለ፤ ስሙም ወቅፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ላድርገው ብለው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። ምክሩም መሬቱ ራሱ ሳይሸጥና ሳይወረስ እንዲቆይ፣ ምርቱ ግን ለድሆች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ እንዲውል ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ሙስሊሞች በዚህ መንገድ ሆስፒታሎችን አቁመዋል። ቀላዉን ገና አሚር ሳሉ ደማስቆ ላይ ታመው፣ ኑረዲን ካሠሩት ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት እንደዳኑና ንግሥና ካገኙ እንደዚያው ያለ እንደሚሠሩ ነዝር እንደገቡ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሱልጣን ሆነው እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ አሠሩት።

ልብ በሉ፤ ሕንፃ ሠርተው ብቻ አልተዉትም። ኪራይ የሚያስገቡ ንብረቶችን ወቅፍ አደረጉለት። የሐኪሙ ደመወዝ፣ መድኃኒቱ፣ የታማሚው ምግብ ከዚያ ይወጣ ነበር። በወቅፉ ሰነድ ደግሞ ደንብ አኖሩ፦ ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት፣ ነዋሪና እንግዳ ሳይለይ ይታከም፤ እስኪድን ይቆይ፤ ቢሞት ከፈኑ ከወቅፉ ይሸፈን። ታማሚው በሩ ላይ የማንንም ፊት ማየት አላስፈለገውም። ዛሬም በዚያው ቦታ የዓይን ሆስፒታል አለ።

እኛ ሱልጣን አይደለንም። ግን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ውል ባለው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል። የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩት መንግሥት ይከፍላል። ከዚያ ዝርዝር ውጭ ሆኖ መዋጮውን በአንዴ ማውጣት የሚያቅተው ግን ብዙ ነው። ያ ወንድማችን ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንሥራ። አንደኛ፣ አንድ ጎረቤትህን መታወቂያው መታደሱን ጠይቀው፤ ካልታደሰና መክፈል ካቃተው ከጓደኞችህ ጋር አዋጡለት። በዐረብ አገር ያላችሁም ለታመመ ሰው ከምትልኩት ላይ ለጤነኛው ዓመታዊ መዋጮ ቀንሱ። ከዘካ ለመክፈል ያሰበ፣ ተቀባዩ የሚገባው መሆኑን ዓሊም ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎች ለጤና ራሱን የቻለ ወቅፍ አስቡ፤ አንዲት ሱቅም ትሁን። ለመስጂዱ የተወቀፈን ኪራይ ግን ከወቃፊው ሸርጥ አውጥታችሁ አታዛውሩ።

ማይኩን መያዝ አላቆምም፤ ድንገተኛ ሁሌም አለ። ግን በየጁሙዓው የምጠራው ስም እንዲያንስ እመኛለሁ።

አላህ ያንን ወንድማችንን ይማረው፣ የቲሞቹን ይጠብቅ፣ ሰደቃችንን ጃሪያ ያድርግልን። አሚን።